የማይካፈለው ቁጥር

ጋሽ ደምሴን ያስታወሰኝ የጠመኔ ሽታ ነው። ከሥራ መልስ ቃሊቲ በምማርበት የማታ ክፍል፣ መምህሩ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውል አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በዚህ ዕድሜዬ ማካፈል እየተማርኩ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ፣ አቃቂ የአክስቴ ጎረቤት ነበሩ። የቆርቆሮ በራቸውን ጥቁር ቀለም ቀብተው አናቱ ላይ 2147483647 ብለው ጽፈዋል። ከሰዓት ከሰዓት በፒጃማ ሱሪ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው በሩ ላይ በጠመኔ ያንን ያካፍላሉ። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው እንደሌለ መጽሐፍ ላይ አንብበዋል፤ ግን በእጃቸው ካልሞከሩ አያምኑም።

“ጋሼ፣ ዛሬስ እጅ ሰጠ?” ይሏቸዋል ከኳስ የሚመለሱ ልጆች።

“ገና ነው! ግን አርባ ስድስት ሺህን ትንሽ ካለፍኩ በቃኝ።”

“ቁጥሩ ቢሊዮን ሆኖ?”

“ትልቅ አካፋይ ካለው፣ አብሮት የሚባዛ ትንሽ ጓደኛ አለው። ትንንሾቹን ሞክሬ ካጣሁ ትልቁን ምን ፍለጋ እሄዳለሁ?”

አንድ ቀን “እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል” ሲሉኝ የሰደቡኝ መሰለኝ። እናቴ ሞታ አንድ ወር አክስቴ ጋ፣ አንድ ወር ሳሪስ አቦ አጎቴ ጋ ነበር የምኖረው። አክስቴ ‘አጎቱ ያስመዝግበው’፣ አጎቴ ‘አክስቱ ታስመዝግበው’ ሲባባሉ ትምህርት ቤት የሚባል ሳላይ ቀረሁ።

“ብቸኛ ማለት እንደ እኔ ነው?”

“ሰው ያጣ ማለት አይደለም፣ አንተ ሞኝ። እኩል እንቁረስህ ሲሉት እምቢ የሚል ነው።”

ወሩ አልቆ አጎቴ ሊወስደኝ ሲመጣ የጋሽ ደምሴን በር ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። የዚያን ቀን ስሌታቸው በሙሉ ሸሚዜ ላይ ታተመ።

“አይካፈልም” አሉት።

“አንቱ ቁጥርዎን ያካፍሉ! የቤተሰብ ጉዳይ ይተዉልን።”

“ቁጥሩማ እምቢ ብሎኛል። ልጁም እምቢ እያለህ ነው፣ አታይም?”

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ “በቃ፣ እኔ ጋ ይቅር” አለች።

ቀረሁ። ትምህርት ቤት ግን ያስገባኝ የለም፤ ይሄን አላሳምረውም። እንቁላል እያዞርኩ ስሸጥ አደግሁ። ጋሽ ደምሴ አሥሩን አኃዝ እንደ መዝሙር በቃሌ አስይዘውኝ፣ እሳቸው ሳይጨርሱት ሞቱ። በሩም ከነግቢው ፈረሰ። ቢሆንም ሲመሽ የት እንደማድር እያወቅሁ ነው ያደግሁት፤ ያ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ቁጥሩን እኔ ይዤዋለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ሲያካፍሉ ቀሪ ከመጣባቸው ይበሳጫሉ፤ እኔ ቀሪ ሳይ ደስ ይለኛል። ትናንት በሃያ ሦስት ሞከርኩት፤ አምስት ቀረ። ነገ በሃያ ዘጠኝ።