ማንም ያልጠየቀው
ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ነገር አንድ ጊሽጣ ለሁለት ከፍለን መብላት ነው። በማግስቱ ከልክ በላይ የዋጠው ኪኒን ገደለው።

ዛሬ ገበያ ውስጥ ጊሽጣ ሸተተኝና ልጅነቴ ታወሰኝ። ደቻቱ ወንዝ ማዶ የጎረቤታችን የአዴ ፋጡማ ልጅ ሞቶ፣ ሴቶቹ ግቢያቸው ካለው የጊሽጣ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። በሌላ ለቅሶ የገባ ሁሉ «ምን አገኘው?» ይላል፤ እዚህ ግን ሁሉም ዝም አለ። ገርሞኝ እኔ ጠየቅሁ። እናቴ ቆነጠጠችኝ።

«ተያት!» አሉ አዴ ፋጡማ። «ሰው ሁሉ እያወቀ ሲሸሸኝ እሷ ጠየቀችኝ። ነይ ልጄ፤ ኪኒን ነው የወሰደብኝ።»

ኪኒን ሰውን እንዴት እንደሚወስድ አልገባኝም። እሳቸው ግን ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ብዙ አወሩኝ።

ባለቤቴ ሲሞት እኔንም ከአንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ በቀር «ምን አገኘው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከእሷ ጋር፣ በኪኒን ሰው የሞተባቸውን ቤተሰቦች እጎበኛለሁ።