የጉተማ ድንጋዮች

በኖራ የተቀባ ድንጋይ ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ከወንድሜ ልጅ ጋር ከአዳማ ወደ ዝዋይ ስንወርድ፣ ዓለም ጤና ሳንደርስ፣ አንድ አዲስ ሎጅ መግቢያውን ግራና ቀኝ በነጭ ድንጋይ አስውቦ አየን። «አክስቴ፣ እንዴት ያምራል!» አለኝ። «ዝም ብለህ ንዳ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ?

የደርግ ዘመን ነው። አዳማ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር። ከዓለም ጤና ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ አሮጌ የአውሮፕላን ሃንጋር ነበር። የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሊያደርገው ነው፤ በአብዮት በዓል አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ ይመርቀዋል ተባለ። የአካባቢው ካድሬ አስጠራኝና «የግንባታውን ታሪክ አጥንተሽ ጻፊ፣ በዓሉ ላይ ይነበባል» አለኝ። እኔ ሞኟ ደስታዬን አልቻልኩትም። ታሪክን ከመጽሐፍ አንብቤ አስተምር ነበር እንጂ፣ ሄጄ ከሰው አፍ ለቅሜ አላውቅም።

ጣሪያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ በተቆለለበት አውቶቡስ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ግራሩ አረንጓዴ ለብሷል፣ ያ አሸዋማ መሬት ውሃውን ወዲያው ጠጥቶት ይሸታል። ሃንጋሩ ትልልቅ የብረት ቅስቶች ላይ የዛገ ቆርቆሮ የተመታበት ነው፤ ውስጡ ከብቶች ተጠልለዋል። ሰዉ «መነ ጢያራ» ይለዋል፣ የአውሮፕላን ቤት ማለት ነው። ማን ሠራው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ጣሊያን» ይላል። ኧረ ወዲያ! ጣሊያን ያን ሁሉ ብረት በራሱ ትከሻ ተሸከመ?

መልሱን የሰጡኝ ሃንጋሩ አጠገብ እሸት በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡ፣ አደ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። «አካም ኦልቴ» ብለው ሰላም አሉኝ፣ በቆሎም ሰጡኝ፤ ከዚያ ከሃንጋሩ ጀርባ ወስደው አንድ የድንጋይ ክምር አሳዩኝ። አባታቸው ጉተማ ብረቱን ከሚያቆሙት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። አንዱ ቅስት ወድቆ ገደላቸው። እዚያው ተቀበሩ፣ ሥራውም በማግስቱ ቀጠለ። አደ ጫልቱ ያኔ በእናታቸው ሆድ ውስጥ ነበሩ።

«ፊቱን አላውቅም» አሉኝ። «ያለኝ ይኼ ድንጋይ ነው።»

ያ ሜዳ ድንጋይ የለውም። አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሟች ድንጋይ ማምጣት ትልቅ ክብር ነው፤ ከሩቅ ጋራ በአህያ፣ በትከሻ ይመጣል። ለጉተማም ዘመድ ጎረቤቱ፣ አብረዋቸው የሠሩት ሁሉ አንዳንድ እያመጡ ነው ክምሩ ያን ያህል የሆነው።

«ስሙን ትጽፊዋለሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«እጽፈዋለሁ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበባል።»

«እንግዲያው ነጠላዬን አጥቤ እመጣለሁ» አሉ።

ጻፍኩ። ካድሬው ፊቴ አነበበውና የጉተማን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «ታሪክ የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው፣ አንድ ጉተማ አይደለም።»

«ጉተማ ሕዝብ አይደሉም?» አልኩት።

«ጓድ፣ አፍሽን ሰብስቢ!»

በዚያ ዘመን አፍሽን ሰብስቢ ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዋጥ አደረግኩት። እሱ ማንበቡን ቀጥሎ ድንገት ቀና አለ። «እዚያ ድንጋይ አለ እንዴ?»

«መቃብራቸው ነው እኮ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው» አልኩት። ልቡ የራራ መስሎኝ!

የበዓሉ ዕለት ከአስፋልቱ እስከ ሃንጋሩ ድረስ መንገዱ ዳርና ዳር ነጭ ድንጋይ ተደርድሮበት አገኘሁት። ያኔ ባለሥልጣን ይመጣል ከተባለ ድንጋዩም፣ የዛፉ ግንድም ኖራ ይለቀለቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ግን ይኼ አገር ድንጋይ ከየት አመጣ ብዬ ክው አልኩ። ሮጬ ወደ ሃንጋሩ ጀርባ ሄድኩ። የተገለበጠ አፈርና የአካፋ ዱካ ብቻ ነበር። ሳያውቅ ቢያደርገው ይቅር እለው ነበር። አንብቦ ነው!

ስመለስ አደ ጫልቱ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ቆመዋል። ጎንበስ አሉና አንዱን ድንጋይ አቀፉት፤ ኖራው ነጠላቸው ላይ ተለቀለቀ። ካድሬው እየሮጠ መጣ።

«ሴትዮ! የበዓል ጌጥ ነው፣ መልሺ!»

«የአባቴ ነው።»

ክንዳቸውን ያዘ። ይኼኔ ያን ቀን የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። «እጅህን አንሳ! አንብበኸዋል አይደል? መቃብር ነው የዘረፍከው፣ አንተ አረመኔ!» ለማጨብጨብ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ምን እንደሚያደርገኝ እንጃ፣ ግን የባለሥልጣኑ መኪኖች ብቅ አሉና ትቶን ወደ መድረኩ ሮጠ።

በድምፅ ማጉያው «ይህ ሃንጋር በሰፊው ሕዝብ ክንድ የተሠራ…» እያለ የኔን ወረቀት ያነባል። ያጨበጭባሉ። እኛ ከኋላ ድንጋይ እንሸከማለን። መኪኖቹ ሲሄዱ ያ ያጨበጨበው ሕዝብ ሰልፉን በተነና ማንም ሳያዘው አንዳንድ ድንጋይ እያነሣ ተከተለን።

«ኖራውን ልጠበው?» አልኳቸው አደ ጫልቱን።

«ተዪው። የወሰዱት መሆኑ ይታይ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ከአዳማ ነቅለው ስሙን ሰምቼ ወደማላውቀው አገር ላኩኝ። ይላኩኝ! እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ቃል የገባሁላቸው ስም ሳይነበብ ቀረ። ሳረጅ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፣ አልበረደልኝም።

እና ባለፈው ሳምንት ጥቂት እንደሄድን «ተመለስ» አልኩት የወንድሜን ልጅ። ሎጁ በር ላይ ወረድኩና አንዱን ነጭ ድንጋይ አነሣሁ። ዘበኛው ደንግጦ መጣ።

«እማማ! ድንጋዩን ወዴት ነው?»

«ለጉተማ» አልኩት።

«ጉተማ ማን ነው?»

ይኼን ያህል ዘመን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ድንጋዩን መሬት አስቀመጥኩ፣ እሱው ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኩት።