ለንቦቹ የተጠየቀ ማራዘሚያ

አባባ ሲሞት ውርስ አጣሪ እንድሆን የመረጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አወዳድሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ ያለነው ሁለት ልጆች ነን፣ እሱ ደግሞ ወረቀት ሲያይ ያዛጋል። "አንተ አስተማሪ ነህ። ዘርዝር፣ ጻፍ፣ ጨርስ" አለኝ። ነቀምቴ ያለው ፍርድ ቤት ሹመቴን አጸደቀና የሟችን ንብረት ዝርዝር እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ከዚያ ወዲያ ሥልጣኔ ያበቃል፤ በአባቴ ንብረት ላይ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነኝ።

ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለውን ቤትና ዕቃውን ለመዘርዘር ሁለት ቀን በቃኝ። የቀረው ቢላ የምትባለው የገጠር ከተማ አጠገብ ያለው መሬት ነበር። አባባ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ወደዚያ ይመላለስ ነበር። እኔም ወንድሜም የምንኖረው እንደሱ ነቀምቴ ነው፣ ግን ማር ይዞ ሲመለስ ሄደን እንወስድ ነበር እንጂ ቢላ ምን እንደሚሠራ ጠይቀነው አናውቅም።

እዚያ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። "አካም ጂርተ፣ ኢልመ ኮ" ብለው ሁለት እጄን ያዙኝና፣ እንዴት ነህ ልጄ ያሉኝን የማላውቃቸውን ሰው አፍጥጬ አየኋቸው። ንቦቹን ለዓመታት የሚጠብቁት እሳቸው መሆናቸውን፣ ማሩንም ከአባባ ጋር እኩል ይካፈሉ እንደነበር በኦሮምኛ ነገሩኝ። ቀና ስል በየዛፉ ላይ ሣር የለበሱ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ስንት ናቸው አልኳቸው። አሥራ አንድ አሉኝ። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ንግሥቲቱን፣ ሠራተኛዋን፣ ድንጉላውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረድቻለሁ። ቀፎ ሥር ግን ቆሜ አላውቅም፣ አያሳፍርም? ስለዚህ ጥያቄዬ አላልቅ አለ። ይኼን የሚያህል ነገር እንዴት ዛፍ ላይ ይወጣል? ንቦቹ አንዱን ቀፎ ወደው ሌላውን የሚተዉት ለምንድነው? ሽማግሌው ሳይሰለቹ መለሱልኝ። የትኞቹ ቀፎዎች ማር እንደያዙ ስጠይቃቸው ግን "እሱን ኅዳር ነው የምናውቀው፣ ሲቆረጥ" አሉ።

የእኔ ሥልጣን ግን የሚያበቃው በጥቅምት ነው። ከወንድሜ ጋር ቤቱ ለእኔ፣ መሬቱ ለእሱ ብለን ተስማምተናል፤ እሱ ደግሞ ዛፎቹን አስቆርጦ ባሕር ዛፍ ሊተክል አስቧል። ሽማግሌው ከአባባ ጋር የነበራቸው ውል በቃል ብቻ ነው። ድርሻቸው በሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ቀፎዎቹ ከነዛፎቹ ይሄዱና ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ይህ አልዋጥልኝ አለ። ድርሻቸው የሚታወቀው ደግሞ ማሩ ኅዳር ላይ ሲቆረጥ ስለሆነ ማራዘሚያ መጠየቅ አለብኝ አልኩ።

"ለንብ ብለህ?" አለ ወንድሜ። "ሙት ይዞ ይሞታል አሉ። በቃ ጨርሰው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ምክንያቴን ጠየቁኝ። ንቦች ናቸው ስላቸው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። "ሌላ የለህም? ሕመም? መንገድ መዘጋት?" መንገድ ተዘጋ ማለት በእኛ አገር ማንም የማይጠራጠረው ምክንያት ነው። ለአባቴ ጉዳይ ግን መዋሸት አስጠላኝ። እየሳቁ ንቦች ብለው ጻፉልኝ።

ዳኛዋ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ቀፎዎቹ ባዶ ቢሆኑስ?"

"ባዶ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ።"

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አራዘሙልኝ። ዳግመኛ እንዳልመጣም አስጠነቀቁኝ።

ኅዳር ላይ ወንድሜም አብሮኝ ቢላ ሄደ፤ መሬቴን ልይ ብሎ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ጎረቤት ጭስ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሽማግሌው ከታች ሆነው ያዝዙታል። እኔ እየተነደፍኩም ቢሆን ልጠጋ አልኩ፤ ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። ሰባቱ ሞልተዋል፣ አራቱ ባዶ ናቸው። ደብተሬን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ "አሥራ አንድ ቀፎ፣ ግማሹ የሟች።"

"የማን ግማሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"የአባቴ ነዋ።"

"አባትህ ቀፎ አልነበረውም። ዛፉ ነው የሱ። ቀፎውን የሠራሁትም የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።"

ደብተሬን ይዤ ቀረሁ። በእኛ አገር ቀፎ የሰቃዩ እንጂ የባለ ዛፉ አይደለም፤ ለሱ ከማሩ ጥቂት ይሰጠዋል፣ ያ ብቻ ነው። ይህን የቢላ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ የከተማው አስተማሪ ስንት ናቸው ብዬ ስጠይቅ የማን ናቸው ማለትን ረሳሁ።

"ታዲያ ለምን ግማሽ ይሰጡት ነበር?" አለ ወንድሜ።

ሽማግሌው እጃቸውን በሣር ጠረጉ። "አባታችሁ፣ ማር የያዝኩ ዕለት ልጆቼ ይመጡልኛል ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ? እየጨመርኩ እሰጠው ነበር።"

ወንድሜ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ። እኔም አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

በቀጠሮው ቀን ሪፖርቱን አቀረብኩ። ቀፎዎቹ የሟች ንብረት አይደሉም፣ የሽማግሌው ናቸው ይላል። ከሥሩ ወንድሜ፣ ሽማግሌው በሕይወት እስካሉ ቀፎ ያለበት ዛፍ እንደማይቆረጥ ተስማምቶ ፈርሞበታል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ያን ሁሉ ጊዜ ያራዘምኩልህ የሟች ላልሆነ ንብረት ነው?"

"አዎ፣ ክብርት ዳኛ። ባያራዝሙልኝ ኖሮ የእኛ ነው ብዬ እጽፈው ነበር።"

መዝገቡን ዘጉት፣ ሥልጣኔም እዚያው አበቃ። ከወንድሜ ጋር ወደ ታክሲው ስንወርድ ፈጠን ብሎ ቀደመኝ። ከዚያ ቆመና፣ "ማር ሳይኖር አባባ ጋ የሄድክበት ቀን ትዝ ይልሃል?" አለኝ።

ብዙ አሰብኩ። አንድም ቀን አላገኘሁም።