የአሜሪካዊቷን ዘር ስናፈላልግ

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አስተማሪዋ ተማሪዎቹን አንድ ፖለቲከኛ ምረጡ፣ የቤተሰቡን አመጣጥ አጥኑና ክፍል ፊት ቆማችሁ አቅርቡ አለቻቸው። ጓደኞቿ ስመ ጥር መሪዎችን ሲሻሙ፣ እሷ በአንድ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት የተመረጠች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሴት መረጠች።

ጄኔቭ አጠገብ ቬርኒየ ባለው ቤታችን ድንች እየላጥኩ ነበር።

«ማሚ፣ ሴትዮዋ ብሔሯ ምንድን ነው?»

«አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከየትኛው ብሔረሰብ?»

ድንቹን መላጤን ቀጠልኩ። ጥያቄውን እፈራው ነበር። ሀገር ቤት ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በትንሿ ጉባኤያችን እንኳ ሁለት አባወራዎች ሰላምታ ተነፋፍገው ነበር። ልጄ ይህን ነገር ሳታውቅ ብታድግ ይሻላል ብዬ አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ራሷ ሄዳ ምእመናኑን ጠየቀች። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ «ግንባሯን አላያችሁም? ወላይታ ናት!» አለች። ሌላው በአያቷ ስም ተነሥቶ ትግራይ ወሰዳት። ሦስተኛው ጎንደሬ ናት ብሎ ማለ። ሴትየዋ ስለተመረጠች ሁሉም የራሱ ሊያደርጋት ፈልጓል። ዞር ስል እነዚያ የተኳረፉት ሁለት አባወራዎች ፊት ለፊት ቆመው ይከራከራሉ! ከስንት ጊዜ በኋላ ተነጋገሩ። አንደኛው የሌላውን ትከሻ ይዞ «አንተ ደግሞ፣ እስኪ አሁን እሷ ጎንደሬ ትመስላለች?» ሲለው ሁለቱም ሳቁ።

ክርክሩ ሳያልቅ አንዲት እህት ዙሪክ ያሉ ሽማግሌ ከሴትየዋ አባት ጋር ድሬዳዋ አብረው እንደተማሩ ነገረችን። ስደውልላቸው «ቅዳሜ ኑ፣ ምሳ አብረን እንበላለን» አሉን።

በባቡር ሄድን። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ትራም ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዙሪክ ዳር ረገንስዶርፍ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ልጄ ገና ሳትቀመጥ ደብተሯን አወጣች።

«አባቷን እንደ ወንድሜ ነው የማውቀው» አሉ። «አባቱ ጉራጌ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። እናቱ ኦሮሞ ናቸው። አብረዋቸው የሚኖሩት አያቱ ደግሞ ሐረሪ። እነሱ ቤት ስንሄድ በሦስት ቋንቋ ሰላም ሳንባል ምግብ አይቀርብም ነበር።»

«ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ልበል፣ ጋሼ?»

«የኔ ልጅ፣ ሦስቱንም በያ! ለምን ትመርጫለሽ? የእናቷስ ወገን?»

ልጄ የሴትየዋ እናት ቅድመ አያት ዙሪክ አጠገብ ካለ የገበሬ መንደር ወደ አሜሪካ የሄዱ መሆናቸውን አንብባ ነበር። የመንደሩን ስም ከደብተሯ ስታሳያቸው በሳቅ ፈነዱ።

«ይህማ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ ነው! ተነሡ።»

መንደሩ ስንደርስ አንዲት አሮጊት አትክልታቸውን ሲያርሙ አገኘን። ልጄ በትምህርት ቤት ጀርመንኛዋ ሰላም አለቻቸው። የመለሱላት ግን በአካባቢያቸው ጀርመንኛ ነበርና አንድም ቃል አልገባትም። ሽማግሌው ያስተረጉሙ ጀመር። አሮጊቷ የሚሉትን ለልጄ በአማርኛ፣ ልጄ የምትለውን ለአሮጊቷ በዙሪክ ጀርመንኛ። ጄኔቭ የተወለደችው ልጄና እዚያ መንደር ያረጁት ሴትዮ የተግባቡት በአማርኛ ነው።

የቤተሰቡን ስም ሲሰሙ አሮጊቷ ቀና አሉ። የገዛ አያታቸው ከዚያ ቤት የተወለዱ ነበሩ።

«እናንተ ለአሜሪካዊቷ ምኗ ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ልጄ ትንሽ አሰበች። «በአባቷ በኩል የኛ ሀገር ሰው ናት፣ በእናቷ በኩል የእርስዎ» አለች።

ይህ ሲተረጎምላቸው አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። ልጄ የሴትየዋን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «አፍንጫዋ የአያቴ ነው!» ብለው ወሰኑ። ከዚያ አንድ ከረጢት ፕሪም ለቅመው ሰጡን።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ፕሪማችንን እየበላን ነበር። ልጄ «እኔስ?» አለችኝ።

የዚያን ቀን ሳቅ አሁንም ሆዴ ውስጥ ስለነበረ ይሆናል፣ አልፈራሁም። አባቴ መንዜ፣ እናቴ የሰላሌ ኦሮሞ፣ የአባቷ አባት ጋሞ፣ የአባቷ እናት ሀዲያ መሆናቸውን ነገርኳት። እናቴና አባቴ ሲጋቡ የሁለቱም ወገን እንዳኮረፈ፣ ታላቅ ወንድሜ ሲወለድ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ሙክት እየጎተቱ እንደመጡ ነገርኳት። እሷ ትጽፋለች፣ ትጠይቃለች፣ ትስቃለች። ለቤታችን ጥቂት ሲቀረን፣ ሎዛን ደርሰንም አልጨረስንም።

«ይሄን ሁሉ ለምን ደበቅሽኝ?» አለች።

«ይከብድሻል ብዬ ነው።»

«ማሚ፣ በጣም ደስ ይላል እኮ!»

በማግስቱ አዲስ አበባ ወዳለችው እናቴ ደወለች። ከሽማግሌው የተማረችውን የኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጂርታ?» ስትላት እናቴ እልል አለች። ደስታዋን እንደጨረሰች ግን ወዲያው አረመቻት፤ «ለትልቅ ሰው ‹ጂርቱ› ነው የሚባለው!»

ልጄ ክፍል ፊት ያቀረበችው ከተፈቀደላት ጊዜ በላይ ሄደ፤ ተማሪዎቹም ስለየራሳቸው አያቶች ማውራት ስለጀመሩ አስተማሪዋ አላቋረጠችም። እናቴና እሷ አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። እናቴ ለእኔ በልጅነቴ ኦሮምኛ አላስተማረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም ነበር። አሁን አጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ልጄ ታስረዳኛለች።