አርባ አምስት ፊደል በአንድ ትንፋሽ

ተናገረ! ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ሳይወጣው ከርሞ፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ጥርት አድርጎ ተናገረ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ይህን ያልሰማ ካለ ይስማ፤ የተናገረው ቲቸር ጉልላት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ሰዋስው ቢያሰለች እንኳ ረጃጅም ቃላቱ አያሰለቹም ነበር። አሥራ አምስት ፊደል ኖሮት አንዱም የማይደገምበት ቃል አለ፤ ዘጠኝ ፊደል ኖሮት አናባቢው አንድ ብቻ የሆነም አለ። የሁሉም አውራ ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ባለ አርባ አምስት ፊደሉ ነው፤ «ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልኬኖኮኒዮሲስ»። የእሳተ ገሞራ ብናኝ በመሳብ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ነው። ቃሉ ረጅም ይሁን ተብሎ ብቻ መፈጠሩን ሲነግራቸው ተማሪዎቹ ያውካካሉ። በአንድ ትንፋሽ ያልጨረሰው ግን አይቀመጥም!

ተማሪዎቹ አድገው ብዙዎቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሆኑ። በደጁ ሲያልፉ መኪናቸውን ቀዝቀዝ አድርገው በመስኮት «ኒሞኖአልትራ!» ይላሉ፤ እሱ ከበረንዳው የቀረውን ይጨርሳል። ሚስቱ ለተማርያም «እንደ ሰው ደህና ዋላችሁ ብትባባሉ ምን ነበረበት?» እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑም አንደበቱም ታሰረ። ሾፌሮቹ ቲቸርን አናሳቅቀው ተባብለው፣ ጥሩምባ እንኳ ሳያሰሙ ማለፍ ጀመሩ። ለተማርያም በየቀኑ ፊቱ ቁጭ ብላ «ለተ በለኝ፣ እስቲ ለተ» ትለዋለች። እንባው ይወርዳል እንጂ ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ በስሟ ቢጠራት ሌላ አትጠይቅም ነበር።

ትናንት ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ዳውድ፣ መጣ። ሰመራ የመንገድ ሥራ ላይ ጠጠር ሲያመላልስ ስለከረመ የቲቸርን መታመም አልሰማም ነበር። መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ እንደ ድሮው ጮኸ፤ «ኒሞኖአልትራ!»

ከበረንዳው መልስ መጣ፤ እስከ መጨረሻው፣ አንድም ፊደል ሳይሰበር።

ለተማርያም የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። ዳውድ ወርዶ ነገሩን ሲሰማ «አልሀምዱሊላህ! እኔ ጀዝባው ምንም ሳላውቅ!» አለ፣ ፊቱን በሽርጡ እየጠረገ።

እሷ ባሏ እግር ሥር ተንበረከከች። «ጉልላቴ፣ እኔስ? እኔ ማን ነኝ?»

አያት። ታገለ፤ ያው ረጅሙ ቃል ወጣ። ደግማ ጠየቀችው። አሁንም ያው። አርባ ዓመት አብረው ኖረው አርባ አምስት ፊደል ተርፎ ስሟ ጠፋ። ለተማርያም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እትዬ፣ ወላሂ ይህ ከወጣ ሌላውም ይወጣል» አለ ዳውድ። «እንደ ድሮው የሚጠራው አጥቶ ነዋ!»

ቀና አለች። «ሌሎቹ ተማሪዎቹ የት ናቸው?»

«ምሳ ቤቶቹ ጋ ቆመው አይቻቸዋለሁ።»

«በል አጠገቡ ተቀመጥ፤ አታቋርጥ፣ አናግረው!»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ዝም ብለው እንዳያልፉት ልትነግራቸው፣ ሞተር አስነስተው ሳይሄዱባት፣ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወደ ምሳ ቤቶቹ መኪና ማቆሚያ ሮጠች።