የጋላማ ቁልቁለት

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ከአሰላ የጋላማን ተራራ አቋርጦ በእግር ጢቾ ይደረሳል አሉ፤ እስቲ መንገዱን ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ያኔ ከጎጃም ተመድቤ አሰላ የማስተምር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ብቻዬን ተራራ መውጣት እወድ ነበር። አንድ መስከረም፣ ዝናቡ ጨርሶ ሳይወጣ፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥሬ ተነሣሁ። ከላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መሬቱ ውሃ አቁሮ እግር ይውጣል። ከአስታ ቁጥቋጦ በቀር የሚታይ የለም። ጭርታውን ወደድኩት።

ወደ ጢቾ ማዶ ቁልቁል መውረድ ስጀምር ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ይወርዳሉ። የተኛችበት ምጥ የጠናባት ሴት ናት። ከመካከላቸው አማርኛ የሚችለው ባሏ ከድር ብቻ ነበር።

«ወንድሜ፣ ትከሻህን!» አለኝ።

ጓዜን አሽቀንጥሬ የደከመውን ሰው ተካሁ። ጭቃው ያዳልጣል፤ በተንሸራተትን ቁጥር ታቃስታለች። ከድር ከጎኗ እየሮጠ በኦሮምኛ ያባብላታል።

«መኪና የት ነው የሚገኘው?»

«ከወንዙ ማዶ። እሱን ከተሻገርን ደረስን።»

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ዳር ቆመን እስኪጎድል ስንጠብቅ ማቃሰቷ ቀረ። ከድር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ። ቀና ሲል ማናችንንም አላየንም፤ ጋቢውን አውልቆ ፊቷን ሸፈነ። ሕፃኑም ከእናቱ ጋር ሄደ።

ቆይቶ ከድር፣ «እንግዲህ አንተ መንገድህን ቀጥል፤ አላህ ይስጥህ» አለኝ።

እንዴት ብዬ? ተሸክመናት ዳገቱን ወደ መንደራቸው ተመለስን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

ከቀብር ስንገባ የከድር እናት ለአራሷ ብለው ገብስ በቅቤ ለውሰው ያዘጋጁትን ጭኮ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። «ኛዱ» አሉኝ፤ ብላ ማለታቸው ነው። ወደኋላ ስል ከድር፣ «ብላላቸው። እንግዳ ጦሙን ከወጣባቸው ሌላ ሐዘን ነው» አለ። በላሁ። እጄ ላይ ያለውን ጨረስኩ።

አሁን በዚያ በኩል ድልድይ ተሠርቷል ይላሉ፤ እውነት ያድርገው። በወጣትነቴ ከሰው መራቅ ያምረኝ ነበር። እኔ ለአንድ ቀን ደስታ የምፈልገው ርቀት እዚያ ለሚኖር ሰው ሞት ሊሆን እንደሚችል ወንዙ ዳር ቆሜ ነው የገባኝ። ሰዎች የአርሲ ተራሮች ያምራሉ ሲሉ እውነት ነው፤ አልከራከርም። እኔ ግን ወንዙ ነው የሚታየኝ።