ሴል ማለት የእትዬ ዘነቡ ግቢ ነው

በልጄ በህሊና የባዮሎጂ ደብተር ጥግ ላይ፣ በመምህርቷ ቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ። «ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎን በራስዎ ምሳሌ አያደናግሩ፤ በመጽሐፉ መሠረት ብቻ ታጥና።» አነበብኳት። ደግሜ አነበብኳት። ከዚያ ሳቄ መጣ። ይህችን ቀይ መስመር በደንብ ነው የማውቃት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስትከተለኝ ኖራ፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ አገኘችኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ቡልቡላ ገና ገጠር ነው። ከጀርባችን የጤፍ ማሳ፣ ከበላያችን ደግሞ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን። አውሮፕላን ሲመጣ ትልቅ ትንሹ ወሬውን ያቆማል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ስድብ እንኳን መሃል ላይ ተቋርጦ ይቆይና ይጨረሳል። ግቢው ስድስት ቤት ነበረው፤ ዙሪያውን የታጠረው በቅንጭብ ነው። ያ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ «ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ!» እየተባልን ያደግንበት ቅንጭብ። ቅንጭቡ ዶሮ ያሳልፋል፣ ድመት ያሳልፋል፣ እኛንም ጎናችንን ቧጭሮ ያሳልፈናል። የጎረቤት ፍየል ግን አያሳልፍም።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘነቡ መሃል ላይ ባለችው ክፍል ነበሩ። እግራቸው እምቢ ካላቸው ቆይቷል፤ ከአልጋቸው አይወርዱም። ነገር ግን የበርበሬው ልክ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። በዓመት አንዴ፣ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ ስድስቱም ቤት ተሰብስቦ በአንድነት በርበሬ ያዘጋጃል። ግቢው ሙሉ ቀይ ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የሚታመሰው ኮረሪማ አፍንጫችንን ሲያቃጥለው እየተንጫጫን እናስነጥሳለን። እሳቸው መውጣት አይችሉም፤ ሴቶቹም እጃቸው በርበሬ ነውና ሥራቸውን ጥለው አይገቡም። መሃል የምሮጠው እኔ ነኝ። ልኩን ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ፣ በአፌ እየደጋገምኩ እወጣለሁ፣ ለሴቶቹ እነግራለሁ።

አሥር ዓመቴ ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። «ቅርንፉድ አንድ ቁንጥር» ብለው ላኩኝ። በሩ ላይ ስደርስ አውሮፕላን መጣ፤ አንገቴን አንጋጥጬ ቆምኩ። ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ጋ ስደርስ ከአፌ የወጣው «ቅርንፉድ አንድ እፍኝ» ሆነ። ያን ዓመት ስድስት ቤት ወጥ ሳይሆን የጥርስ መድኃኒት በላ። ምላሳችን ደንዝዞ ከረመ። እናቴ ልትገርፈኝ ስትነሳ እትዬ ዘነቡ ከአልጋቸው ላይ ሆነው አስጣሉኝ፤ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ «ተያት! ዋናው እዚህ አለ። የተበላሸው እሷ ይዛው የወጣችው ነው። ለከርሞ አስተካክላ ትወስዳለች» አሉ።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር መኮንን ነበር። ቀጭን፣ ጃኬቱ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው። የሴልን ትርጉም በእንግሊዝኛ አጽፎን፣ ኮማዋ እንኳን ሳትቀር በቃላችን እንድንወጣው አዘዘን። ልጆቹ እየተነሱ እንደ ዳዊት አነበነቡት። ተራዬ ደርሶ ብነሳ ቃሉ ጥፍት አለብኝ። ነገሩ ግን እንደ ሰፈሬ ወለል ብሎ ይታየኛል። ስለዚህ የታየኝን ተናገርኩ።

«ሴል ማለት የእትዬ ዘነቡ ግቢ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «የሚከራይ ክፍል አለ?» ብሎ ጮኸ። ቲቸር መኮንን ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«አልቀለድኩም፣ ቲቸር። ኒውክለሷ እሳቸው ናቸው…»

«ውጪ! ሳይንስ የሰፈር ወሬ አይደለም። ነገ ወላጅ ይዘሽ መጥተሽ፣ እዚሁ ጓደኞችሽ ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። እስከዚያ ክፍሌን እንዳትረግጪ።»

ሚኒስትሪ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከእሱ ክፍለ ጊዜ ከቀረሁ መውደቄ ነው፤ ከወደቅሁ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀኝ እናቴ አስቀድማ ነግራኛለች። እሷ በየቪላው እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር፤ ሁለተኛው ሳፋ የእኔ ይሆናል።

ቤት ስደርስ በራችን ላይ የከሰል ምድጃውን እያራገበች አገኘኋት። ነገርኳት። «ታዲያ ጠይቂዋ! ይቅርታ ብትይ ምንሽ ይቆረሳል?» አለች።

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«ስላልዋሸሁ።»

ማራገቢያዋን ይዛ አየችኝ። እንግዲህ አንዴ ጀምሬዋለሁ አልኩና ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ይሄ በየቤቱ በር ያለው ምድጃ ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ሴል ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ አየር ካላገኘ ደግሞ እንደ ከሰሉ አይነድም። ሴቶቹ የተባሉትን ልክ ይዘው የሚያዘጋጁት ራይቦዞሞች ናቸው። በርበሬውን በየከረጢቱ አድርገው፣ የየቤቱን በየቀለሙ ክር አስረው የሚልኩት ጎረቤታችን የወሎዋ እማማ ዘይነባ ጎልጂ ናቸው። ቆሻሻውን የምናቃጥልበት ጉድጓድም ስም አለው፤ ላይሶዞም። እናቴ ሰማችኝ፤ እሳቱን እስክትረሳው ሰማችኝ።

«እና ይሄ ሁሉ የት ነው ያለው አልሽኝ?»

«ሰውነትሽ ውስጥ። እጅሽ ላይ ብቻ ስንት ሺህ ግቢ አለ መሰለሽ።»

«አሁን? እንዲህ ቁጭ ብዬ?»

«አሁን።»

ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ የሸበሸበውን እጇን ገለበጠችው፤ መዳፉን አየች፤ መልሳ ጀርባውን አየች። ማንም ስለዚያ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ነግሯት አያውቅም። በማግስቱ የክት ነጠላዋን ለብሳ ከፊቴ ቀደመች።

ቲቸር መኮንን ክፍሉ በር ላይ ጥፋቴን ሁሉ ነገራት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማችውና፣ ሲጨርስ ቀና አለች።

«መምህር፣ የተናገረችው ውሸት ነው?»

«እሱ አይደለም እኮ እናቴ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው…»

«እኔ መጽሐፍ አላውቅም። ውሸት ነው ወይ ነው የምልዎ።»

ጃኬቱ ላይ ያለውን ጠመኔ አራገፈ። ያኔ ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድፍረት መጣልኝ። «ቲቸር፣ ይጠይቁኝ። ከግቢያችን ካልመለስኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ልጆቹ አጉረመረሙ። ቲቸር መኮንን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመልሶ አሰበና ከባዱን መረጠልኝ። «የእንስሳ ሴልና የዕፅዋት ሴል በምን ይለያያሉ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። በሐሳቤ ወደ ግቢያችን ሮጥኩ፤ ቅንጭቡን ዞርኩት፤ ምንም የለም። ከዚያ ግን ከጎናችን ያለው የኢንጂነሩ ቪላ ታየኝ። ኢንጂነሩ መሬቱን ሲገዛ ቅንጭቡን አልነቀለም ነበር፤ ከውጪ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ጨመረበት እንጂ።

«የእኛ ግቢ የእንስሳ ነው» አልኩ። «አጥሩ ቅንጭብ ብቻ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። እሱ ሜምብሬን ነው። የኢንጂነሩ ግን ከውስጥ ቅንጭብ፣ ከውጪ ግንብ አለው፤ እሱ የዕፅዋት ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ያንን የሚያህል የውሃ ታንከር አለው።»

ማንም አልሳቀም። ቲቸር መኮንን ጠመኔውን ያዘ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ኒውክለስ ራሱ ወጥቶ ለምን አያዝም?»

ይሄኛውን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የቅርንፉዱን ነገር ነገርኳቸው። ዋናው ልክ ከውስጥ እንደማይወጣ፣ የሚወጣው ቅጂው ብቻ እንደሆነ፣ ቅጂው ሲሳሳት ስድስት ቤት ምላሱ እንደሚደነዝዝ። ያ «የሚከራይ ክፍል አለ?» ያለው ልጅ አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ አየሁት።

«ግቢና ቁጭ በይ» አለ ቲቸር መኮንን በመጨረሻ። አላመሰገነኝም፤ ይቅርታውንም ዳግም አላነሳውም። «ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው።»

«እንግሊዝኛውን እርስዎ ያስተምሯት» አለች እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች። «ነገሩን ይዛዋለች።»

ሁለት ወር ሙሉ ግቢውን እየዞርኩ እያንዳንዱን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ጠራሁት። ቅንጭቡን እየነካሁ፣ ምድጃውን እያራገብኩ። እትዬ ዘነቡ «እኔን ደግሞ ማን አልሽኝ?» እያሉ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ «ኒውክለስ» ስላቸው እንደ ማዕረግ ይቀበሉታል። ሚኒስትሪን አለፍኩ። ከአሥረኛ በላይ መማር አልሆነልኝም፤ እሳቸው ሲያርፉ ግቢው ፈረሰ፣ እኛም ተበተንን። የቀረውን ትምህርት፣ መንገድ ዳር ከተነጠፉ አሮጌ መጻሕፍት፣ ማንም «ውጪ» ሳይለኝ ራሴ ተማርኩት።

አሁን ቅንጭቡ የነበረበት ቦታ ሕንፃ ቆሞበታል። እኔም በቀዩ መስመር ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ጻፍኩ። «ልጄ ተደናግራ ከሆነ ይጠይቋት። ካልመለሰች እኔ ራሴ መጥቼ ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ህሊና በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ጠየቀችኝ» አለች።

«እና?»

«መለስኩ። ከዚያ ሌላ ጠየቀችኝ። እሱንም መለስኩ።» ቦርሳዋን ጣለችና ወደ ደረጃው አየች። «ማሚ፣ ግን የኛ ብሎክ እኮ ሁሉም በር ዝግ ነው። ምንም የማያስገባና የማያስወጣ ሴል አይሞትም?»

ወጥቼ የፎቃችንን የተዘጉ በሮች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

ቅዳሜ የአራተኛ ፎቅን በሮች በሙሉ አንኳኳሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን። አንዷ በበሯ ሰንሰለት መሃል በአንድ ዓይኗ አየችኝና «በርበሬ? በጋራ? በዚህ ዘመን?» አለች። «አዎ፣ በዚህ ዘመን!» አልኳት። ዘጠኝ ሴቶች ወረዱ። ከታች የጋራው አዳራሽ ፊት ለፊት ሸራ ዘርግተው በበርበሬ ቀይ አለበሱት። እኔ ፎቅ ላይ ቀርቼ ቅመሙን አምሳለሁ፤ ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ከተጣላ ሰነባብቷል። ልኩን ለህሊና ነገርኳትና በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆምኩ።

ደረጃውን መውረድ ስትጀምር በላያችን አውሮፕላን መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም እስትንፋሴን ያዝኩ። አውሮፕላኑ አለፈ። ከሥሩ ድምፅዋ እየራቀ፣ ሳይቋረጥ መጣልኝ፤ «ቅርንፉድ አንድ ቁንጥር፣ ቅርንፉድ አንድ ቁንጥር፣ ቅርንፉድ አንድ ቁንጥር…»